3.3 በመቶ፦ የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲና ተራኪዎቹ

የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ደጋግሞ አቅጣጫውን ቀይሯል፤ ይሁን እንጂ አቅጣጫው የተቀየረባቸው ዓመታት አዲስ ጥናት ከወጣባቸው ዓመታት ጋር እምብዛም አይገጣጠሙም። የትምህርት ጥራት መውረዱን፣ የመምህራን ቁጥር ከተማሪው ጋር አለመመጣጠኑን፣ ተመራቂው ሥራ ማጣቱን የሚያሳዩ ሰነዶች ብዙውን ጊዜ ከውሳኔው ቀድመው ተጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ የሰነበቱ ናቸው፤ ውሳኔው የመጣው ከእነዚህ ሰነዶች ጥቂቱን መርጦ፣ አጥፊውንና አዳኙን ለይቶ፣ በአጭሩ ለሕዝብ ሊነገር የሚችል ታሪክ የሚያበጅ ወገን በተነሣ ጊዜ ነው። የፖሊሲ ጥናት ምሁራን ይህን ዓይነቱን ታሪክ የፖሊሲ ትርክት ይሉታል። እዚህ ላይ ትርክት ሲባል ሐሰት ማለት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም ይሁን ከፊል እውነት፣ የተበታተኑ ክስተቶችን በምክንያትና በውጤት አያይዞ፣ ማን ምን እንዳደረገና ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት የሚናገር አቀራረብ ማለት ነው።

አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ዲቦራ ስቶን በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ችግር የመንግሥት አጀንዳ የሚሆነው ስለከፋ ብቻ ሳይሆን፣ ከተፈጥሮና ከዕድል ግዛት ወጥቶ የሰው እጅ ያለበት ሆኖ ሲተረክ መሆኑን አስረድተዋል። ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ የወሎው ድርቅ የዝናብ እጥረት ሆኖ እስከተነገረ ድረስ የሚጠየቅበት ሰው አልነበረም፣ የተደበቀ ረኀብ ሆኖ በተነገረ ጊዜ ግን ዙፋን አነቃንቋል። ሌላው አሜሪካዊ ምሁር ኤመሪ ሮ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ መጽሐፋቸው፣ ጉዳዩ በተወሳሰበና እርግጠኝነት በራቀው መጠን ውሳኔ ሰጪዎች ትርክታቸውን አጥብቀው እንደሚይዙ፣ ማስረጃ ሲቃወመውም በቀላሉ እንደማይለቁት ተከራክረዋል። በእርሳቸው አስተያየት ትችት ብቻውን ትርክትን አያሸንፍም፤ እንዲያውም ጥርጣሬውን ስለሚያበዛው ባለሥልጣኑ የያዘውን ይበልጥ እንዲጨብጥ ያደርገዋል፣ ትርክትን ከቦታው የሚያነሣውም ሌላ ትርክት ነው። ከሁለቱ ሐሳቦች ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ይበልጥ የሚስማማው ይህ የሮ አስተያየት ይመስላል።

ጉዳዩን ከሚኒስቴሩ አዳራሽ ይልቅ ከኮልፌ ቀራንዮ ሆኖ ማየት የሚጠቅምበት ምክንያትም አለ። ክፍለ ከተማው በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ የተቆጠረበት፣ ከመርካቶ ጥግ ተነሥቶ በአየር ጤና፣ በቤተልና በዓለም ባንክ ሰፈሮች በኩል እስከ አዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር የሚዘልቅ ሰፊ አካባቢ ሲሆን፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ግን የለበትም። የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ያሉባቸው ስድስት ኪሎም፣ አምስት ኪሎም፣ ኮተቤም፣ ቱሉ ዲምቱም በሌላው የከተማዋ ወገን ናቸው። በአንጻሩ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ዓመታት የሚጠብቀው ነጋዴ፣ ሸማኔና የመንግሥት ሠራተኛ፣ እንዲሁም ቀን ሠርቶ ማታ በግል ኮሌጅ የሚማረው ወጣት በብዛት ይኖርበታል። የከፍተኛ ትምህርት ትርክት የሚሰናዳው ሌላ ቦታ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ግን እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ናቸው፣ በትርክቱ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ገጸ ባሕርይ እንጂ ተራኪ ሆነው አይገኙም።

የመጀመሪያው ትርክት የዘውድ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ፣ ከፍተኛ ትምህርት የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታና የዘመናዊ አስተዳደር ችግኝ ማፍያ ሆኖ ተተረከ። በ1939 ዓ.ም. አካባቢ በምዕራብ አዲስ አበባ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤትም ለዚሁ ኮሌጅ ተማሪ ከሚያቀርቡት ጥቂት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር፤ ይኸው ተቋም ከዓመታት በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛነት መዞሩ ራሱ ትርክት ሲለወጥ ሕንጻ እንዴት ሌላ ሥራ እንደሚሰጠው የሚያሳይ ነው። ተማሪዎቹ ግን ስጦታውን በተሰጠበት መንፈስ አልተቀበሉትም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውና እያንዳንዱን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር የሚልከው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ የተማረው ወጣት ሕዝቡን ይወቅ በሚል የቀና ሐሳብ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ወጣቱ ከገጠር ይዞት የተመለሰው ስለ ጭሰኛው ሕይወት የሚናገር ሌላ ትርክት ነበር፤ በዚያው ዓመት «መሬት ላራሹ» የሚለው ሰልፍም አደባባይ ወጥቷል።

የትርክትን ጉልበት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን የትምህርት ሴክተር ሪቪው በሚል ስሙ የሚታወቀው ጥናት ዕጣ ነው። ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ባለሙያዎች፣ የዓለም ባንክን ጨምሮ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ የተካሄደ ሲሆን፣ ያነሣው ችግር እውነተኛ ነበር። ለትምህርት የደረሰው የገጠር ልጅ አብዛኛው ትምህርት ቤት አይገባም፤ በጀቱ በከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ላይ ይከማቻል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂውም ሥራ ማጣት ጀምሯል። ጥናቱ ያቀረበው መፍትሔ ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ፣ ዕድሜያቸው ላለፈ ወጣቶች የሁለት ዓመት ትምህርት ማዘጋጀት፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ዕድገትን ደግሞ መግታት ነበር። በሒሳብ ሲታይ ከተሜውን አስቆጥቶ ገጠሬውን የሚጠቅም ዕቅድ ነበር ለማለት ይቻላል፤ በኋላ ከተነሡት የትምህርት ዕቅዶች ብዙዎቹም ከእርሱ ሐሳብ ሳይጠሩት ተበድረዋል።

መንግሥት ግን ሰነዱን ከአንድ ዓመት በላይ ከሕዝብ ሰውሮ አቆየው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ይዘቱ ሲታወቅ ባዶ ቦታውን የሞላው ሌላ ታሪክ ነበር፦ የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተወስኗል፣ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ለባለጸጋ ልጅ ሊተው ነው የሚል። የመምህራኑ ማኅበር የደመወዝ ጥያቄውን ከዚህ ጋር አያይዞ የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ አድማው የተጀመረው በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት የታክሲ ነጂዎች ባቆሙበት በዚያው የካቲት 11 ቀን ነበር፤ ተማሪውና ወላጁም ተከተለ። መንግሥት ዕቅዱን ለማገድ ተገደደ፤ ከቀናት በኋላም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። ተቃዋሚው ታሪክ ለጥናቱ ፍትሐዊ ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከጥናቱ ገጾች የጎደለ አንድ እውነት ይዞ ነበር፣ ይኸውም ከአራተኛ ክፍል በላይ የሚያልፈውን ማን እንደሚመርጥ ሕዝቡ የሚያምነው ዳኛ አለመኖሩን ነው። ጥናቱ አኃዝ ነበረው፣ የራሱ ታሪክ ግን አልነበረውም፤ ደብቆ ያቆየው መንግሥት የመተረኩን ሥራ በፈቃዱ ለሌላው አስረክቦ ነበር።

ከ1966 በኋላ የመጡት መንግሥታት ከዚህ ትምህርት ወስደዋል፤ የወሰዱት ግን ሰነድን በጊዜው ይፋ የማድረግን ትምህርት አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ልንገታ ነው ብሎ በአደባባይ የሚናገር መንግሥት ለበርካታ አሥርት ዓመታት አልታየም። ማጣሪያው አልቀረም፤ በየዓመቱ ባሉት ቦታዎች ልክ የሚወሰነው የመግቢያ ነጥብ ብዙውን ተማሪ ያስቀር ነበር፣ ግን እንደ ቴክኒካዊ ጉዳይ በዝምታ ይሠራ ስለነበር ታሪክ አልሆነም።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የተስፋፋው ትርክት በተቃራኒው የመብዛት ትርክት ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባውና የአለማያው ብቻ ሲሆኑ፣ ከሁለት አሥርት ዓመታት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አልፏል። ይህን መስፋፋት የተሸከሙት ሁለት ታሪኮች ነበሩ፦ አንደኛው ድህነትን ተረት የሚያደርግ የልማታዊ መንግሥት ታሪክ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዘመናት የተገፋ አካባቢ በመጨረሻ የራሱን ዩኒቨርሲቲ የሚያገኝበት የእኩልነት ታሪክ ነው። የመሠረት ድንጋይ የተጣለበት ቀን በየዞኑ እንደ በዓል የሚታሰበውም ለዚህ ነው። ከሁለቱ የትኛውም ሐሰት አልነበረም፤ ቀድሞ ዩኒቨርሲቲን በወሬ ብቻ የሚያውቅ የብዙ ቤተሰብ ልጅ ተምሮባቸዋል። ችግሩ ሁለቱም ታሪኮች የሚጠናቀቁት በሩ ሲከፈት መሆኑ ነው፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ በቤተ ሙከራውና በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለሚሆነው የሚናገር ምዕራፍ አልነበራቸውም።

በ2000 ዓ.ም. የተነደፈው የ70 ለ30 አቅጣጫ የዚህ ትርክት ጫፍ ነበር። ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብአዊ ጥናት ይመደባሉ የሚለው ይህ ቀመር፣ አገሪቱ የምሥራቅ እስያን መንገድ ተከትላ ወደ ኢንዱስትሪ ትሸጋገራለች ከሚለው ታሪክ የተቀዳ ነው። መሐንዲሱ የታሪኩ ጀግና በመሆኑ ቁጥሩ አስቀድሞ ተወሰነ፤ መሐንዲሱን የሚያስተምረው መምህር፣ የሚለማመድበት መሣሪያና የሚቀጥረው ፋብሪካ በኋላ ይደርሳሉ ተባለ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ በተለምዶ ፕላዝማ የሚባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በተመሳሳይ እምነት የመጣ ነበር፤ ቴክኖሎጂ የመምህርን እጥረት ዘልሎ ያሻግራል በሚል እምነት። ቀመሩ ከመምህራንም ከምሁራንም ትችት አላጣም፤ ነገር ግን ሮ እንደሚሉት ትችቱ የራሱ ታሪክ ስላልነበረው ለአሥር ዓመት ያህል ሊያነቃንቀው አልቻለም። በ2010 ዓ.ም. ለውይይት የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ 70 ለ30ን የተቸው፣ ቀርቶ የነበረውን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት የመለሰው፣ የመንግሥት አመራሩ ተቀይሮ አገሪቱ ስለ ራሷ የምትናገረው ታሪክ በሙሉ ከተለወጠ በኋላ ነው።

የተለወጠው ታሪክ ስቶን የውድቀት ታሪክ ብለው ከሚጠሩት ዓይነት ነበር፤ ይህም ቀድሞ ደኅና የነበረ ነገር እየተበላሸ መጥቶ ከገደል አፋፍ እንደደረሰና አሁኑኑ ካልተያዘ እንደሚጠፋ የሚተርክ ነው። ለዚህ ታሪክ ፍጹም የሆነ አኃዝ የተገኘው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተደጋጋሚ በመሰረቁና በመኮረጁ ምክንያት፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አካባቢ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ውጤቱን የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሲያሳውቁም፣ ከ896,520 ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ መሆናቸው ታወቀ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ ቁጥር ከማንኛውም የጥራት ጥናት በላይ ተነግሯል፤ በታክሲም፣ በልቅሶ ቤትም፣ በዕድር ስብሰባም ተነሥቷል። ከ1966 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም አንድ መንግሥት አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደማይገባ በአደባባይ ተናግሮ መንገድ ሳይዘጋበት ቀረ።

ለምን ሳይዘጋበት ቀረ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በታሪኩ አሠራር ውስጥ ይገኛል። የ1966ቱ ዕቅድ ተማሪውን የሚገድበው በመንግሥት ውሳኔ ሲሆን፣ የ2015ቱ ግን ተማሪው በራሱ ውጤት የተገደበ ሆኖ ቀረበ። አጥፊው ኩረጃ ነው፤ ኩረጃን የሚጠላ ደግሞ ሁሉም ነው፣ የኮረጀውም ጭምር። ታሪኩ እውነተኛ መሠረት ስለነበረው ጥንካሬው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በቀደሙት ዓመታት ከየአካባቢው የሚመጣው የተጋነነ ውጤት ለሐቀኛው ተማሪ በደል ነበር፣ ፈተናውን ከሰራቂ እጅ ማውጣትም መደረግ የነበረበት ሥራ ነው። ነገር ግን ታሪኩ በአንድ ምክንያት ሲታነጽ ሌሎቹን ምክንያቶች ከገጽ አስወጥቷል።

ከተዘለሉት ምክንያቶች የመጀመሪያው የማጣሪያው መነሣት ነው። ቀድሞ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፍተኛ ቁጥር ያለውን ተማሪ ወደ ሙያ ሥልጠና ወይም ከትምህርት ውጪ ይመልስ ስለነበር፣ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው የተጣራ ተማሪ ነበር፤ ይህ ፈተና በ2012 ዓ.ም. ከቀረ በኋላ ያለዚያ ማጣሪያ 12ኛ ክፍል የደረሰው ቀዳሚው ትውልድ ደግሞ ይኸው የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ ነው። ስለዚህ 3.3 በመቶ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር የሚነጻጸረው አንድ ዓይነት ሕዝብ አይደለም። ሁለተኛው፣ ይህ ትውልድ 10ኛ ክፍል ሳለ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤት ተዘግቶበታል፤ 11ኛና 12ኛ ክፍልንም የተማረው ሰሜን ኢትዮጵያ በጦርነት ውስጥ ሳለች ነው። ሦስተኛው፣ 50 በመቶ የሚለው መስመር ራሱ አዲስ ነበር፤ ከዚያ በፊት የመግቢያ ነጥቡ እንደየዓመቱ ቦታ ስለሚለዋወጥና ከግማሽ በታች ስለሚወርድ፣ በየዓመቱ ከመቶ ሺህ በላይ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የፈተናው ቦታም፣ የተፈታኙ ዓይነትም፣ የማለፊያው መስመርም ተለውጠው ሳለ ልዩነቱን ሁሉ በኩረጃ ብቻ ማስረዳት፣ ለትርክት የሚመች ለትንታኔ ግን የሚያስቸግር ነው።

ውሳኔው እንደተላለፈ ሌላ እውነታ ገጠመው፤ ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች የገነባች አገር 30 ሺህ በማይሞላ ተማሪ ልትሞላቸው አትችልም። ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ማለትም 50 በመቶ ያላመጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለወራት ተምረውና ተፈትነው ወደ መደበኛ ትምህርት የሚገቡበት መንገድ፣ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህም የመብዛቱ ትርክት የሠራው ሕንጻ የውድቀቱን ትርክት አለዝቦታል፤ ሕንጻ ከንግግር ይልቅ ይቆያል። ይህ ማለዘብ ከትምህርት አንጻር መልካም ሊሆን ይችላል፣ ግን በዋናው ታሪክ ውስጥ ስፍራ ስለሌለው ስለ 3.3 በመቶው በተነገረበት ድምፅ አልተነገረለትም።

በኮልፌ ቀራንዮ ያሉ ቤተሰቦችን በቅርብ የነካው ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ነው። ይህ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ከመመረቁ በፊት በሙያው የሚወስደው ብሔራዊ ፈተና ሲሆን፣ በሕግ ትምህርት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጥ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከቀረቡት 150,184 ተፈታኞች ያለፉት 61,054 ሲሆኑ፣ ይህ 40.65 በመቶ ማለት ነው። ከመንግሥት ተቋማት ከቀረቡት 77,981 ተማሪዎች 48,632 ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ከቀረቡት 72,203 ያለፉት 12,422 ብቻ፣ ይኸውም 17.2 በመቶ ነበሩ። ከእነዚህ ቁጥሮች የተሠራው ታሪክ ወዲያው ቅርጽ ያዘ፦ የግል ኮሌጅ ዲግሪ ይሸጣል፣ ፈተናው ገለጠው። በዚያው ሰሞን ስለ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ይነገር የነበረው ሁሉ ከዚህ ጋር ተደረበ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተቋማቱን እንደገና እንዲመዘገቡ ያስገደደበት ዘመቻም ከዚህ የታሪክ አየር ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ታሪኩ እዚህም መሠረት አለው። ሕንጻ ላይ ሁለት ፎቅ ተከራይቶ፣ ቤተ ሙከራ ሳይኖረው፣ ከሌላ ተቋም በትርፍ ሰዓት በሚመጣ መምህር የሚያስመርቅ ኮሌጅ ያልነበረ ያህል መከራከር አይቻልም። ነገር ግን ሁለቱ መቶኛዎች አንድን ነገር አይለኩም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት በ12ኛ ክፍል ፈተና የመግቢያ ነጥቡን ያሟላውን ነው፤ የግል ኮሌጆች ደግሞ በአብዛኛው ያላሟላውን፣ ወይም ቤተሰብ ለመርዳት ሥራ ይዞ በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማረውን። ኮሌጁ ለተማሪው የጨመረውን ለማወቅ የእያንዳንዱን ተማሪ የመግቢያና የመውጫ ውጤት ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ለሕዝብ በተነገረው ውጤት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ንጽጽር አልነበረም። በአንጻሩ መንግሥት መርጦ ካስገባቸው፣ ቀለብና መኝታ ሰጥቶ ካስተማራቸው ተማሪዎች 29,349 መውደቃቸው ራሱን የቻለ ታላቅ ዜና መሆን ሲገባው፣ የግሉ ዘርፍ ጥላ ከልሎት አለፈ። አጥፊው ሲመረጥ የተመረጠው መልስ የመስጠት አቅሙ አነስተኛ የሆነው ነው የሚለውን ጥርጣሬ ይህ ያጠናክረዋል።

ከሁሉ በላይ ዝም ያለው ገጸ ባሕርይ ተማሪው ነው። በአየር ጤና ወይም በቤተል በሚገኝ ኮሌጅ ለአራት ዓመት የማታ ተምሮ፣ ክፍያውን ከሱቅ ሥራ ወይም ከቢሮ ደመወዙ እየቆጠረ የከፈለ ሰው፣ ሲመዘገብ ተቋሙ ዕውቅና እንዳለው በመንግሥት ማኅተም ተረጋግጦለት ነበር። ያ ማኅተም ምን ተመርምሮ እንደተሰጠ የሚጠይቅ ምዕራፍ ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። ስቶን እንደሚሉት የምክንያት ታሪክ ጥፋትን ሲያከፋፍል ሸክምንም ያከፋፍላል፤ እዚህ ላይ ማኅተሙን የሰጠው ተቆጣጣሪ ከጥፋቱ ተርፎ መርማሪ ሲሆን፣ ሸክሙ ገንዘቡንም ጊዜውንም አስቀድሞ በከፈለው ላይ አርፏል። ኮሌጆቹ በማኅበራቸው በኩል ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም ፕሬዚዳንቶቻቸው አሏቸው፤ የማታ ተማሪ ግን በሥራና በትምህርት መካከል የሚሰበሰብበት ጊዜ እንኳ የለውም።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ አካባቢ ያለው አለርት ሆስፒታል የተለየ መንገድ ያሳያል። በ1958 ዓ.ም. አካባቢ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና የባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው ይህ ተቋም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከጎኑ ተተክሎለት፣ እስከ ዛሬ የቆዳ ሕክምናና የሌሎች ሙያዎች ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሆኗል። ማስተማሩ የመጣው ከበሽታው ነው፤ የሠልጣኙ ቁጥር በታካሚው እንጂ በቀመር አልተወሰነም። ለዚህም ነው ስለ ከፍተኛ ትምህርት በሚነገሩ ትልልቅ ታሪኮች ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሣው፤ አጥፊም አዳኝም የሌለበት ሥራ ለመተረክ አይመችም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከ3.3 በመቶው በኋላ መጀመሪያ ጥቂት ዝቅ ቢልም፣ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ መጥቷል። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ተፈታኝ 50 እና ከዚያ በላይ ማምጣቱ ተነግሯል፤ የውድቀቱ ታሪክም ቀስ በቀስ ወደ ማገገም ታሪክ እየተሸጋገረ ነው። ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ከ29,909 ወደ 49 ሺህ ገደማ ማደጉ እውነተኛ ዕድገት ነው። ሆኖም በእነዚሁ ዓመታት የተፈታኙ ጠቅላላ ቁጥር ከ896 ሺህ ወደ 586 ሺህ ገደማ ወርዷል፤ ይህም በ2014 ዓ.ም. በቆጠራው ያልነበሩት የትግራይ ተማሪዎች ወደ ፈተናው ከተመለሱ በኋላ ነው። የተፈታኙ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ዓመት ቢሆንና ተጨማሪ የሚያልፍ ባይኖር ኖሮ የ2017ቱ ውጤት 5.5 በመቶ ገደማ በሆነ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው ከመቀነሱ ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ከ300 ሺህ በላይ የሚሆነው ይህ ልዩነት በየትኛው ክልል፣ በየትኛው ክፍል ላይ እንደተፈጠረ በየዓመቱ ከመቶኛው ጋር አብሮ ቢገለጽ፣ በኮልፌ አጠቃላይም ሆነ በአየር ጤና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ወላጅ የልጁን ክፍል ጓደኞች ቆጥሮ የሚያስተያየው ነገር ያገኝ ነበር።